«ግምገማ» ሲባል ለምን እንፈራለን? ለፕላንና ልማት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለፕላንና ልማት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የመንግሥት ፕሮግራሞች ውጤት የሚጣራበትን መንገድ ይመለከታል

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ጠዋት ቢሮ ስገባ «ዛሬ ግምገማ አለ» ከተባለ ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር። እኔን ብቻም አልነበረም። ጤና ጽሕፈት ቤት ያለችው ባልደረባዬ ስልኳን ታጠፋለች። የግብርናው ልጅ ሞተሩን አስነስቶ «ቀበሌ ልወርድ ነው» ብሎ ይጠፋል። ኃላፊያችን የክንውን ሰንጠረዡን ሲሰርዝ ሲደልዝ ያደረ ዓይኑ ቀልቶ ይመጣል። ማናችንም የሰረቅነው ነገር ኖሮ አይደለም። የሚጠብቀንን ስለምናውቅ ነው። አዳራሽ እንገባለን። ወረዳ ከወረዳ ይደረደራል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀለም ይሰጠናል። ቀይ የደረሰው ተነሥቶ ግለ ሂስ ያደርጋል። ሌላው ደግሞ እሱን ይሂሳል። ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ሥራው የተማርነው ነገር የለም። ማን እንደተረፈና ማን እንደተመታ ብቻ እናውቃለን።

አንድ ፕሮግራም በሰው ሕይወት ላይ ምን እንደጨመረ የሚያጣራውን ጥናትም የምንጠራው በዚሁ ቃል ነው። እሱም ግምገማ ይባላል። አንዱ ሰውን የሚፈትሽ ስብሰባ ነው፣ ሌላው ሥራውን የሚፈትሽ ጥናት። ስማቸው አንድ ስለሆነ ጥናቱ የስብሰባውን ፍርሃት ወረሰ። አጥኚ መኪና ቀበሌ ሲደርስ የልማት ሠራተኛው ፊት ይለዋወጣል። «ማን ልኮብኝ ነው?» ብሎ ያስባል። እንዲህ ያሰበ ሰው ደግሞ እውነቱን አይነግራችሁም።

ልመናዬ ይኸው ነው። ሁለቱን ለዩልን።

በአንድ ወረዳ ውስጥ የዕቅድ፣ የክትትልና የግምገማ ባለሙያ ሆኜ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ ከሥራው ወጥቼ ታብሌት ይዤ ከቤት ቤት እየዞርኩ ለጥናት መረጃ ሰብስቤአለሁ። ስለዚህ ቁጥር ላኪም ቁጥር ጠያቂም ነበርኩ። ወረዳውን ስም አልጠራም። እዚያ የነበርነው ሁላችንም እንደ አቅማችን የደከምን ሰዎች ነን፤ ሌላ ወረዳ ብሆንም የምጽፈው ይህንኑ ነበር።

መጀመሪያ ቁጥር ከታች ወደ ላይ እንዴት እንደሚሄድ ላሳያችሁ። ክትባትን እንውሰድ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቤት ለቤት ሄዶ እናቶችን ጠየቀ፣ ካርዳቸውንም አየ። አምስት በሽታዎችን የሚከላከለውን የፔንታቫለንት ክትባት ሦስተኛ ዙር ያገኙት ሕፃናት 53 በመቶ ሆነው ተገኙ። መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ የጨረሱት ደግሞ 39 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዘመን ከጤና ተቋማት ተደምሮ የሚወጣው ሪፖርት ግን ለዚያው ሦስተኛ ዙር ከ90 በመቶ በላይ ይል ነበር።

ይህን ያህል ልዩነት ከየት መጣ? ሰው ሁሉ «ውሸት ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ውስጡ ስለነበርኩ እንደዚያ ብዬ ማለፍ አልችልም። የሪፖርቱ ፐርሰንት የሚሠራው በማካፈል ነው። የተከተቡት ልጆች መከተብ ለነበረባቸው ልጆች ይካፈላሉ። የተከተቡትን የጤና ኤክስቴንሽኗ መዝገብ ላይ ትጽፋለች። መከተብ የነበረባቸውን ግን ማንም ቆጥሯቸው አያውቅም። ቁጥራቸው የሚገኘው በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ላይ በየዓመቱ የዕድገት መጠን እየተጨመረ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። አራተኛው ቆጠራ ግን ሲራዘም ኖሯል። እንግዲህ ወጣቶቹ ወደ ከተማና ወደ ዓረብ አገር ያለቁበት ቀበሌ፣ በወረቀት ላይ ልጅ ሲወልድ ይኖራል። እዚያ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ምን ብትሮጥ ግቧን አትመታም፤ ሰነፍ ትባላለች። በሌላ በኩል ሰው እየጎረፈበት ያለ የከተማ ዳር ቀበሌ 100ን አልፎ ይሄዳል።

አንድ ጊዜ የአንዱ ቀበሌ ክንውን 108 በመቶ ሆኖ መጣ። እንዳለ ላክሁት። ከላይ ተደወለ። «ከ100 በላይ የሚባል ነገር የለም፣ 98 አድርገው» ተባልኩ። አደረግሁት። አንድ ቁጥር ሰርዤ ሌላ ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ያ 108 እኮ የሚናገረው ነገር ነበረው። «የሕዝብ ግምታችሁ ተሳስቷል፣ እዚህ ያላሰባችኋቸው ልጆች አሉ» እያለ ነበር። እኔ አፉን ዘጋሁት። ዛሬም ሳስበው ይከነክነኛል።

የቤት ለቤት ጥናትም ቢሆን እንከን የለውም አልልም። ካርዷ የጠፋባት እናት በትዝታዋ ነው የምትመልሰው። የትኛው መርፌ የትኛው እንደነበር ማን ያስታውሳል? ጤና ሚኒስቴርም ችግሩን አልሸሸገውም። በ2008 ዓ.ም. በጀመረው ዕቅዱ «የመረጃ አብዮት» የሚል ትልቅ ሥራ ያስገባው ለዚህ ነው። መሣሪያው ተሻሽሏል። ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ሄዷል። ግን ኮምፒውተሩ ላይ የሚተይበው ሰው ቀይ ቀለም እስከፈራ ድረስ 108ቱ 98 ሆኖ መግባቱ አይቀርም።

ስለ ሽንት ቤትም ልንገራችሁ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበው ቤት ለቤት ሲዞሩ ኖረዋል። የልፋታቸው ውጤት ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ባወጡት መረጃ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ከ100 ኢትዮጵያውያን 92ቱ ሜዳ ላይ ይጸዳዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን 29 ደርሶ ነበር። በዓለም ላይ ይህን ያህል የቀነሰ አገር አልነበረም። ያኔ ቀበሌዎች ነጭ ባንዲራ እየሰቀሉ «ሜዳ ላይ ከመጸዳዳት ነፃ ነን» ይሉ ነበር። እኔም ባንዲራ ሲሰቀል አጨብጭቤአለሁ፣ ከልቤ ነው ያጨበጨብኩት።

በኋላ ታብሌት ይዤ ስዞር አንድ ግቢ ገባሁ። ከቤቱ ጀርባ ሽንት ቤት አለ። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ክዳኑ ሣር። ፎርሙ የሚጠይቀው «አለ ወይስ የለም» ብሎ ነው። «አለ» የሚለውን ልነካ ስል ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ አየሁት። ሣር በቅሎበታል። በሩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሸረሪት ድር ተዘርግቷል፣ ጤዛ እንዳዘለ። ማንም ሰው ለሳምንታት በዚያ በር አልገባም። አባወራውን ጠየቅሁት። «ይቺ የወረዳ ናት» አለኝ። ቁፋሮው የራሱ ነው፣ እንጨቱ የራሱ ነው፣ ግን «የወረዳ ናት» አለ። ለምን ብዬ ስጠይቀው ጉድጓዱ በክረምት ውኃ እንደሚሞላና ልጆቹ እንዳይገቡበት እንደሚፈራ ነገረኝ። ይህ ሰው ዕውቀት አልጎደለውም። የጎደለው ጉድጓዱ ላይ የሚጣል ጠንካራ ንጣፍ ነው። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ደረጃውን የጠበቀና ከሌላ ቤት ጋር የማይጋሩት ሽንት ቤት የነበራቸው ቤተሰቦች 6 በመቶ አካባቢ ብቻ ናቸው። የሸረሪት ድሩን ፎርሙ አልጠየቀኝም። እኔ በዳር ማስታወሻ ጻፍሁት። ማን እንዳነበበው አላውቅም።

አሁን ሴፍቲኔት ላይ፣ ማለትም ለምግብ እጥረት የተጋለጡ ቤተሰቦች የሚደገፉበት ፕሮግራም ላይ፣ ትንሽ ልቆይ። አገራችን ውስጥ በደንብ የተጠና ፕሮግራም ጥራ ብባል መጀመሪያ የምጠራው እሱን ነው። ለምለምናችሁ ነገርም ማስረጃዬ እሱ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ ግልጽ ነበር። ከዚያ በፊት በየዓመቱ የእርዳታ ጥሪ ይወጣል፣ እህሉ ይዘገያል፣ ገበሬው እህሉን ሲጠብቅ በሬውን ይሸጣል። በሬ የሸጠ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ቢዘንብለትም አያርስም። ስለዚህ ድርቅ ሳይጠበቅ፣ ጉልበት ያለው በወር 5 ቀን እርከንና መንገድ እየሠራ ይከፈለው፤ ጉልበት የሌለው ያለ ሥራ ይደገፍ ተባለ። ክፍያው መጀመሪያ በቀን 6 ብር ነበር። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲና ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ደግሞ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ እየተመለሱ ቤተሰቦቹን ጠየቁ። አንድ ጊዜ ጠይቀው ቢቀሩ ኖሮ የምናውቀው ነገር ትንሽ ነበር።

የመጀመሪያው ዙር ውጤት የሚያስጨበጭብ አልነበረም። በአማካይ ሲታይ በተጠቃሚዎቹ ላይ የመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም። ይህ ቁጥር አዳራሽ ውስጥ ቢቀርብ ምን ይሆን ነበር? አንድ ሰው ቀይ ይቀባ ነበር። ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት ቁጥሩ አምሮ ይመጣ ነበር። ጥናቱ ግን ምክንያቱንም አብሮ ፈልፍሎ አወጣ። ለብዙ ቤተሰብ የደረሰው ክፍያ ከታሰበው በጣም ያነሰ ነበር። ከታሰበው ቢያንስ ግማሹን ያገኙት ላይ፣ በአንዳንድ መለኪያ፣ የምግብ ዋስትናቸው ተሻሽሏል። ከክፍያው ጋር የግብርና ድጋፍ ያገኙት ደግሞ የተሻለ ዘርና ማዳበሪያ ወደ መጠቀምና ወደ አነስተኛ ንግድ መግባት ጀምረዋል። እንግዲህ መድኃኒቱ አልሠራም ማለትና መድኃኒቱ አልተሰጠም ማለት የተለያየ ነገር ነው። ይህን ልዩነት በስብሰባ ማወቅ አይቻልም።

ክፍያው ወደታሰበው መጠን እስኪደርስ ዓመታት ፈጀ። በኋላ በተደረጉት ጥናቶች 5 ዓመት የቆየ ቤተሰብ፣ አንድ ዓመት ብቻ ካገኘው ጋር ሲነጻጸር፣ የሚራብባቸው ወራት ከአንድ ወር በላይ አጠሩለት። የቤት እንስሳቱም ጨመሩ። አንድ ወር ከተማ ላይ ሆነው ሲያነቡት ትንሽ ይመስላል። ነሐሴን ጎተራው ባዶ ሆኖ ያሳለፈ ሰው ግን አንድ ወር ትንሽ ነው አይልም። ልጆቹ እርሾ የሌለው ቂጣ እየተካፈሉ፣ አዲስ እህል እስኪደርስ ቀን እየቆጠሩ የሚያድሩበት ወር ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግኝት የመጣው። እነዚሁ አጥኚዎች የልጆቹን ቁመት ለኩ። ፕሮግራሙ ባለባቸው አካባቢዎች በ2004 ዓ.ም. ከ100 ሕፃናት 48ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። ሴፍቲኔት መቀንጨሩን ስለመቀነሱ ምንም ማስረጃ አልተገኘም። ቤተሰቡ ጠገበ፣ የልጁ ቁመት ግን አልጨመረም። ለምን ይሆን? የልጁ ምግብ አልተለወጠም። ጥራጥሬ፣ ዘይት፣ አትክልት፣ ወተት፣ እንቁላል አልገባበትም። አብዛኞቹ እናቶችም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አግኝተው አያውቁም፣ ልጅ እንዴት እንደሚመገብ የነገራቸው ሰው የለም። ሁለቱ ፕሮግራሞች በአንድ ቀበሌ ውስጥ ነው ያሉት። የሁለቱም ሪፖርት ጥሩ ነበር። እናቲቱ ቤት ግን አልተገናኙም።

እኔ በሌላ ጥናት ላይ የልጅ ቁመት ለክቼ ስለማውቅ ይህ ግኝት ወረቀት ላይ ብቻ አይታየኝም። ልጁ የእንጨት ሰሌዳው ላይ ይጋደማል። እናቱ ራሱን ትይዛለች፣ እኔ ጉልበቱን ቀጥ አደርጋለሁ፣ ከእግሩ ሥር ያለውን ጣውላ እገፋለሁ። ልጁ ያለቅሳል። ሁለት ጊዜ ነው የሚለካው። ሁለተኛው ላይ እናቲቱ አንዳንድ ጊዜ ከእኔ ቀድማ ቁጥሩን ታያለች። «አጭር ነው አይደል?» ትለኛለች። ያን ሰንጠረዥ የሞላ ሰው «ክንውን 97 በመቶ» የሚል ሪፖርት ሲያይ ሆዱ ይባባል።

አንዱ መልካም ነገር ፕሮግራሙ ራሱን ማየት መቻሉ ነው። በ2007 ዓ.ም. አራተኛው ምዕራፉ ሲጀመር የልጆች ሥነ ምግብ ከዓላማዎቹ አንዱ ሆኖ ገባ። ነፍሰ ጡር ሴት እርግዝናዋ ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ ልጇ አንድ ዓመት እስኪሞላው ከጉልበት ሥራ ወጥታ ክፍያዋን እንድታገኝ፣ በምትኩም ጤና ጣቢያ ክትትል እንድታደርግ ተደረገ። ፕሮግራሙ እንዲህ ድክመቱን እያየ መታረም የቻለው የሚታይ ነገር ስለነበረው ነው።

ግን በዚያው ፕሮግራም ውስጥ የቀለሙ ስብሰባ ደግሞ ሌላ ነገር ሠራ። «ምርቃት» የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ከችግር የወጣ ቤተሰብ ተመርቆ ከሴፍቲኔት ይወጣል። ምርቃት በቋንቋችን ደስ የሚል ቃል ነው። ሽማግሌ የሚሰጠው ነገር ነው። በእኛ ወረዳ ግን ምርቃት ኮታ ሆኖ መጣ። በዚህ ዓመት ይህን ያህል ቤተሰብ አስመርቁ ተባለ። የልማት ሠራተኛው ስም ዝርዝር ይዞ ተቀመጠ። አንድ በሬ ያለው፣ ቆርቆሮ ቤት ያለው፣ በግ የገዛ ሁሉ ተለቀመ። ቆርቆሮው ከዘመድ የመጣ ይሁን፣ በጉ በብድር የተገዛ ይሁን ማንም አልጠየቀም። አንድ አዛውንት ቢሮዬ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ ማን ነው የመረቀኝ? እኔ አሜን አላልኩም» አሉኝ። የምላቸው ጠፋኝ። «አባቴ፣ አመልክቱ» አልኳቸው። ማመልከቻቸው የት እንደሚደርስ እያወቅሁ።

በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኖ ያመጣው ድርቅ ደረሰ። የሴፍቲኔቱ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ ተጠቃሚ እንዳለ ሆኖ፣ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገለጸ። ድርቁን ምርቃት አላመጣውም። ግን ማን በእርግጥ ከችግር እንደወጣ፣ ማን ደግሞ በኮታ እንደወጣ ለይተን ብናውቅ ኖሮ መጀመሪያ ማን በር ላይ መድረስ እንዳለብን እናውቅ ነበር። ያ አዛውንት ዝርዝሬ ላይ «ተመራቂ» ነበሩ።

«ታዲያ እንዴት ይደረግ?» ትሉኝ ይሆናል። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጣም ጥሩ የሆነው ምሳሌ የእናንተው ቢሮ ያለበት ከተማ ውስጥ ነው።

የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር አዲስ አበባን በሙሉ በአንዴ ማዳረስ አልተቻለም። መቼም የትኛውም ፕሮግራም በአንዴ አይዳረስም፤ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚጀምርና ተራ የሚጠብቅ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ማን ይቅደም የሚለውን የሚወስነው ስልክ ደውሎ የለመነ፣ ለመኪና መንገድ የሚቀርብ፣ ወይም «ሞዴል» የተባለ ነው። በኋላ ደግሞ የቀደሙትን ከቀሩት ጋር አነጻጽረን «ተሻሻሉ» እንላለን። መጀመሪያውኑ የተሻሉትን መርጠን! አዲስ አበባ ላይ ግን ቀድመው የሚጀምሩት ወረዳዎች በዕጣ ተለዩ።

ዕጣ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እቁብ ሁላችንም እንጥላለን። ሁሉም ይከፍላል፣ ሁሉም ይደርሰዋል፣ ማን ይቅደም የሚለውን ብቻ ዕጣው ይወስናል። እቁብ ውስጥ ዘግይቶ የደረሰው «ተበደልኩ» ብሎ ሲጣላ አላየሁም። ተራው በዘመድ አልሄደማ። ይህ ፍትሐዊነት አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። በዕጣ የቀደሙትና በዕጣ የቀሩት በመነሻቸው ተመሳሳይ ስለሆኑ፣ በኋላ የሚታየው ልዩነት ፕሮግራሙ ያመጣው ነው ብሎ ማመን ይቻላል።

ምን ተገኘ? መንገድ በመጥረግና ቆሻሻ በማንሣት የተሰማሩት ሰዎች በግል ሥራ ላይ የሚያጠፉትን ጊዜ ቀነሱ። ሰፈሮቹ ጸዱ። ሥራ ፈላጊው ስለቀነሰ የግል ቀጣሪዎች የሚከፍሉት ጨመረ። አጥኚዎቹ ፕሮግራሙ ከተማውን በሙሉ ሲያዳርስ የግል ሥራ ክፍያ 18.6 በመቶ እንደሚጨምር አሰሉ። ለድሃው የሚደርሰው ጥቅም የክፍያው መጨመርና የሰፈሩ መጽዳት ሲታሰቡለት 6 እጥፍ ይሆናል። ይህ ማለት ስሟ የትኛውም መዝገብ ላይ የሌለ ልብስ አጣቢም ትርፉ ሊደርሳት ይችላል ማለት ነው። እስቲ ይህን የትኛው የሩብ ዓመት ሪፖርት ይነግረናል? በእኛ ፎርማት ላይ ያሉት የተጠቃሚ ብዛትና ወጪ የሆነ ብር ናቸው። ልብስ አጣቢዋ የምትገባበት ዓምድ የለም።

ሁሉም ነገር በዕጣ ይሁን አልልም። የተራበን ሰው «ዕጣህ አልወጣም» አይባልም። ድርቅ ሲመጣ፣ ወረርሽኝ ሲነሣ ቀድሞ መድረስ ነው። ደግሞ እያንዳንዱን ትንሽ ሥራ አጥኑ አልልም፤ ገንዘቡም ሰዉም አይበቃም። ነገር ግን ብዙ ሚሊዮን ሰው የሚነካ፣ ዓመታት የሚቆይ ፕሮግራም ሲጀመር ሁለት ነገር ሳይሠራ አይጀመር። መነሻው ይለካ። ማነጻጸሪያው ይታወቅ። መነሻውን ሳንለካ ጀምረን ከ5 ዓመት በኋላ «ለውጡን አጥኑልን» ብለን ባለሙያ ስንቀጥር አይቻለሁ። ባለሙያው ምን ያድርግ? ገበሬውን «ከ5 ዓመት በፊት ስንት ፍየል ነበረህ?» ብሎ ይጠይቃል። ገበሬው እንግዳ ላለማሳፈር አንድ ቁጥር ይሰጠዋል።

ከዚህ በላይ የምለምነው ግን ቁጥሩን የሚሰበስበውና በቁጥሩ የሚመዘነው ሰው አንድ እንዳይሆን ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗን በራሷ መዝገብ ላይ ተመሥርታችሁ አትቅጧት፣ አትሸልሟትም። መዝገቧ ለራሷ ሥራ ይሁን። ማን ቀረ፣ ማን ይከተብ የሚለውን ትይበት። ለውጥ መጣ ወይ የሚለውን የስታቲስቲክስ አገልግሎት ይጠይቅ። ወይም ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይጠይቁ፤ በየዞኑ አሉ፣ ተማሪዎቻቸውም ሥራ ይፈልጋሉ። መጥፎ ውጤት ያመጣ ወረዳ ደግሞ ቀይ ከመቀባቱ በፊት «ምን አጣችሁ?» ተብሎ ይጠየቅ። የፌዴራል ዋና ኦዲተር የክዋኔ ኦዲት ግኝቱን ፓርላማ ፊት በግልጽ ሲያቀርብ እንሰማለን። መጥፎ ዜና በአደባባይ ተነግሮ አገር አልፈረሰም። የፕሮግራም ጥናቶችም እንደዚያ በግልጽ ይነገሩ፤ ደስ የማይሉትም ጭምር።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉም በላይ ከልቤ የማይወጣው ነው።

አንድ ቤት ገብቼ ጥያቄ ጨርሼ ነበር። ሁለት ሰዓት ፈጅቷል። ባለፉት 7 ቀናት ምን በላችሁ፣ ስንት ቀን ሽሮ፣ ስንት ቀን ጎመን፣ ዘይት ከየት፣ ብድር ከማን። እናቲቱ ልጇን አዝላ ቡና እየቆላች መለሰችልኝ። በመጠየቄ ሥራ አላስፈታኋትም አልልም፣ አስፈትቻታለሁ። ታብሌቱን ስዘጋ «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ጠይቂኝ እህቴ» አልኳት። «ካቻምናም መጥተው ይህንኑ ጠየቁኝ። ያኔ የነገርኳቸው ምን ሆነ? ምን አገኙ?» አለችኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። ውጤቱን ለእኔም የነገረኝ ሰው የለም። በኋላ ፈልጌ አገኘሁት። በእንግሊዝኛ ነው፣ ከመቶ ገጽ በላይ ነው፣ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ቀርቦ ተጨብጭቦለታል። ውስጡ ጠቃሚ ነገር ሞልቷል። ለዚያች ሴት ቀበሌ የሚጠቅም ነገር አለበት። ወረዳችን ውስጥ ግን አንድ ሰው አላነበበውም። የቀድሞ ክፍሌ እኮ ስሙ የክትትልና ግምገማ ክፍል ነበር።

ስለዚህ በየጥናቱ በጀት ውስጥ አንድ መስመር ጨምሩ። ውጤቱ በአንድ ገጽ ይጻፍ። አካባቢው በሚናገረው ቋንቋ ይሁን፤ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ፣ በአማርኛ። ከዚያ መረጃውን የሰበሰበው ሰው ተመልሶ ይሂድ፣ በገበያ ቀን ወይም በቀበሌ ስብሰባ ላይ ይነበብ። «እንዲህ ብላችሁን ነበር፣ ይህን አገኘን፣ ይህ አልሠራም፣ ይህን ልንለውጥ ነው» ይባል። ያኔ ሕዝቡ ደግሞ «ይህማ ልክ አይደለም» ይላል። እሱም ይጻፍ። ብዙ ወጪ የለውም። የሁለት ቀን አበልና የሞተር ቤንዚን ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሁሉንም በአንዴ አድርጉ አልልም። አንድ ፕሮግራም ምረጡ። አንድ ዞን ምረጡ። በዚያ ዞን ለአንድ ዓመት ቀለሙ ይቅር። ጥናቱ በሚጀመርበት ቀን ለወረዳው ሠራተኞች ሁሉ «በዚህ ውጤት ማንም አይቀጣም» የሚል ደብዳቤ በማኅተማችሁ ይድረሳቸው። ይህ ደብዳቤ ቢኖረኝ ኖሮ ያንን 108 እንዳለ እተወው ነበር። የሸረሪት ድሩንም በዳር ማስታወሻ ሳይሆን በዋናው ገጽ ላይ እጽፈው ነበር።

ያቺን እናት ቤቷን አውቀዋለሁ። ከአስፋልቱ ወርዶ የአርባ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። መልስ ካላችሁ ይዤላት ልሄድ ዝግጁ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር

የቀድሞ የወረዳ ዕቅድ፣ ክትትልና ግምገማ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
ለኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት
ለፌዴራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት
በየወረዳው ላሉ የዕቅድ ባለሙያዎች